አያቲቱ የጠየቁኝ

ክረምት ነበር። ከቡሬ ወጣ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ሆኜ ስድስት ወሬ ነው። አንዲት አሮጊት ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ሕፃኑ ሁለት ወሩ ነው፤ በጋቢ ታዝሎ አያቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል።

ቅጹን እየሞላሁ የአባቱን ዜግነት ጠየቅኩ።

«ሱዳናዊ ነው» አሉኝ አያቲቱ። ልጃቸው በመተማ ተሻግራ ሱዳን ስትሠራ ቆይታ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ተመልሳለች። የወለደችው እዚሁ እናቷ ቤት ነው።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «ልጅ የአባቱ ነው፤ በአባቱ አገር ይመዝገብ» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ የእናቱስ አገር ወዴት ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። «ሕጉ ነው እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው። ያን ሕግ አንብቤው አላውቅም ነበር። የመጡት ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው ነው። እናትየዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ጋሼ ከምላቸው አንድ ዳኛ ጋር ቡና ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ለአያቲቱ ምን መለስክላቸው?»

ዝም አልኩ። የዜግነት አዋጁን፣ ቁጥር 378/1996ን፣ አንቀጽ 3 ገልጠው አስነበቡኝ። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። እናትም ትሁን አባት ለውጥ የለውም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 6 ላይ ያንኑ ይላል። ደግሞስ እኔ ዜግነት ሰጪ አይደለሁም። ሥራዬ ልጁ የት፣ መቼ፣ ከማን እንደተወለደ መጻፍ ነው።

ከዚያ ስለ አንድ ሰው ነገሩኝ። ታንዛኒያ ፓስፖርቱን ቀማችው፤ ዜጋዬ አይደለህም ብላ ወደ ኬንያ አባረረችው። ኬንያም የእኔ አይደለህም አለችው። ሰውየው ሁለቱ አገሮች ድንበር መሀል ቀረ። አሩሻ ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ፈረደለት። የታንዛኒያ መታወቂያ ወረቀቶች በእጁ ስለነበሩ፣ ዜጋ አይደለም የሚለው መንግሥት ነው ማስረዳት ያለበት አለ። ኑቢያን የሚባሉ የኬንያ ማኅበረሰብ ልጆችም አሉ። ዜግነታቸው የሚጣራው 18 ዓመት ሲሞላቸው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ልጅ ያን ያህል ዘመን አገር አልባ ሆኖ መጠበቅ የለበትም ብሎ ወሰነ።

እኔ የማስበው ያን ሕፃን ነው። የአባቱ አንዲት ወረቀት እንኳ በእጃቸው የለም። እኛም መለስነው። አድጎ «የማን ነህ?» ሲባል ምን ያሳያል? ድንበሩ መሀል የቀረው ሰው እንኳ የሚያሳየው ወረቀት ነበረው።

ለልደት ምዝገባ የተሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው፤ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ቅዳሜ ማለዳ ተነስቼ ቤታቸው ሄድኩ። አያቲቱን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተቀመጥ፣ መጀመሪያ እህል ቅመስ» አሉኝ። ሰኞ መጡ። የአባት ዜግነት፣ ሱዳናዊ። የእናት፣ ኢትዮጵያዊት። የልጁ፣ ኢትዮጵያዊ።

የልደት ምስክር ወረቀቱን ለእናትየዋ ስሰጣት ድምጿን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ሌላ ቢሮ ስንሄድስ እንደገና ይመልሱን ይሆን?» አለችኝ። የአዋጁን ቁጥርና አንቀጹን በትንሽ ወረቀት ጻፍኩላት። ከምስክር ወረቀቱ ጋር አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።