በናምፓይ ሁለት ረድፎችን ስናለዋውጥ የሚጠፋው ረድፍ

የጋውስን የማስወገድ ዘዴ፣ ማለትም ረድፎችን እርስ በርስ እየቀነሱ የኢኩዌሽኖችን መልስ የማግኛ መንገድ፣ በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። በፓይተን ቋንቋ፣ ለቁጥር ስሌት በሚያገለግለው በናምፓይ ላይብረሪ ራሴ ልጽፈው በተነሣሁ ጊዜ ግን አንድ ሙሉ ምሽት የወሰደብኝ ሒሳቡ ሳይሆን ለአንድ የማትሪክስ ረድፍ ዋጋ መስጠት በኮምፒውተሩ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ መረዳቱ ነበር።

የሞከርሁት ሦስት ኢኩዌሽኖችን ነው። የመጀመሪያው ረድፍ 0፣ 2፣ 1፣ 7፤ ሁለተኛው 1፣ 1፣ 1፣ 6፤ ሦስተኛው 2፣ 1፣ 3፣ 13 ሲሆን፣ አራተኛው ዓምድ የእኩል ምልክቱን ቀኝ ይይዛል። ትክክለኛው መልስ 1፣ 2 እና 3 ነው። የመጀመሪያው ረድፍ በ0 ስለሚጀምር ሥራው የሚጀመረው ከሁለተኛው ረድፍ ጋር በማለዋወጥ ነው። በፓይተን የሁለት ቫርያብሎችን ዋጋ ለማለዋወጥ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ስሞቹን በኮማ ለይቶ፣ በአንዱ ወገን ቅደም ተከተላቸውን ገልብጦ መጻፍ ይበቃል፤ ረድፎቹንም በዚሁ መንገድ አለዋወጥሁ። ፕሮግራሙ ስለ ማካፈል አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ሦስቱንም መልሶች «ናን»፣ ማለትም «ቁጥር ያልሆነ» አላቸው።

ናምፓይ አንድን ረድፍ በተራ ቁጥሩ ስንጠራው ቁጥሮቹን ቀድቶ አይሰጠንም። የሚሰጠን «ቪው» የሚባለውን፣ ያንኑ የማህደረ ትውስታ ቦታ የሚያሳይ መስኮት ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ረድፍ ቁጥሮች በመጀመሪያው ላይ ሲጻፉ የቀድሞዎቹ 0፣ 2፣ 1፣ 7 በዚያው ቅጽበት ጠፍተዋል፤ ቀጥሎ «የመጀመሪያው ረድፍ» ተብሎ ወደ ሁለተኛው የሚጻፈውም አዲሱ 1፣ 1፣ 1፣ 6 ነው። ሁለት እኩል ረድፎች አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ባዶ ረድፍ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ 0ን ለ0 ማካፈል የማይቀር ነው።

መፍትሔው በሁለቱም ወገን የተራ ቁጥሮችን ዝርዝር መስጠት ነው፦ በግራ 0 እና 1፣ በቀኝ 1 እና 0 (ፓይተን ከ0 ስለሚቆጥር 0 የመጀመሪያው፣ 1 ሁለተኛው ረድፍ ነው)። ረድፎች በዝርዝር ሲጠሩ ናምፓይ መስኮት ሳይሆን አዲስ ቅጂ ስለሚያዘጋጅ የሚጠፋ ነገር የለም።

ይህን አርሜ ፕሮግራሙን ደግሜ ሳስኬደው 0.5፣ 1.5 እና 4 አገኘሁ። ይኸኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይልቅ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም እነዚህ ቁጥሮች ሁለቱን ኢኩዌሽኖች በትክክል ያሟላሉ፣ የሚወድቁት በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ማትሪክሱን ያለ ነጥብ፣ በሙሉ ቁጥሮች ብቻ ስለ ጻፍሁት ናምፓይ የኢንቲጀር ማትሪክስ አድርጎታል። የመጨረሻው ረድፍ 0፣ 0፣ 1.5፣ 4.5 ሊሆን ሲገባው ወደ ቦታው ሲጻፍ ከነጥቡ በኋላ ያለው ተቆርጦ 0፣ 0፣ 1፣ 4 ሆነ፤ አንዲትም ማስጠንቀቂያ አልነበረችም። የሚደንቀው፣ ቅነሳውን በረድፉ ላይ በቀጥታ በሚፈጽመው የመቀነስና የእኩል ጥምር ምልክት ጽፌው ቢሆን ናምፓይ አስርዮሹን ወደ ኢንቲጀር አላስገባም ብሎ በስህተት መልእክት ያቆመኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማትሪክስ ስፈጥር ዓይነቱ ፍሎት፣ ማለትም አስርዮሽ የሚይዝ መሆኑን በግልጽ እጽፋለሁ፤ ረድፍ ስቀንስም ያንን ጥምር ምልክት እመርጣለሁ። በዚህ መልክ 1፣ 2 እና 3 ወጡ።

በኋላ ከፒቮቶቹ፣ ማለትም በየረድፉ መጀመሪያ ከሚገኙት 0 ያልሆኑ ቁጥሮች፣ በላይ ያሉትንም ቁጥሮች አስወግጄ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ለየራሱ ፒቮት በአንድ ትእዛዝ ላካፍል ስል ናምፓይ 3 በ4 የሆነውን ማትሪክስ ሦስት ቁጥር ላለው ቬክተር አላካፍልም አለ። ናምፓይ እንዲህ ያለውን ቬክተር እንደ አንድ ረድፍ አይቶ ከዓምዶቹ ጋር ያዛምደዋል፤ አራተኛው ዓምድ ባይኖርና ማትሪክሱ 3 በ3 ቢሆን ኖሮ ረድፎቹን ሳይሆን ዓምዶቹን በዝምታ ያካፍል ነበር። ፒቮቶቹን ሦስት ረድፍና አንድ ዓምድ ባለው ቅርጽ ሳስቀምጣቸው እያንዳንዱ ረድፍ ለራሱ ፒቮት ተካፈለ።