ከወረፋው በፊት

ካኩማ ውስጥ የምነቃው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት እዚህም አንድ ሰዓት ነው፤ ከሆሳዕና ወጥቼ ኬንያ ከገባሁ ወዲህ ሳልቀይረው የቀረ ነገር ቢኖር ይኸው የሰዓት አቆጣጠር ነው። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ገና አልተነሣም፣ አቧራውም መሬት ይዞ ተኝቷል። አጎበሩን ወደ ላይ ጠቅልዬ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ መዝሙረ ዳዊት አነባለሁ፤ ከዚያም በዕለቱ የማገኛቸውን እናቶችና ሕፃናት ስማቸውን ሳላውቅ ለእግዚአብሔር አቀርባለሁ። ይህ ጸሎት ወረፋው ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለበት። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ካኩማ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በቱርካና ካውንቲ፣ ከሎድዋር ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ደረቅ ምድር ነው። ታራች የሚባለው ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሲሆን፣ ዝናብ ሲጥል ግን በጥቂት ሰዓታት ሞልቶ መንገድ ይቆርጣል። የስደተኞች መጠለያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቹ መካከል ብዙዎቹ ከአገራችን የወጡ የሱዳን ልጆች ነበሩ። በጋምቤላ መጠለያዎች ያደጉት እነዚህ ልጆች፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ በእግራቸው ተሰደዱ፤ ጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ ብዙ ጓደኞቻቸውን በውኃና በጥይት አጥተዋል። የክሊኒካችን ዘበኛ ከእነርሱ አንዱ ነው። በየማለዳው «ሲስተር፣ ደኅና አደርሽ?» ይለኛል፣ በልጅነቱ በጋምቤላው የፉኝዶ መጠለያ በሰማው አማርኛ። አገሬ በአንድ ወቅት ያስጠለለችው፣ በኋላም ሸሽቶ የወጣባት ሰው፣ ዛሬ እኔን በሰው አገር በቋንቋዬ ይቀበለኛል። ይህን ሰላምታ እስካሁን አልተላመድኩትም፤ ባልላመደውም ደስ ይለኛል።

ሥራዬ የሕፃናትን ምግብ እጥረት መለየትና ማከም ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ይመጣሉ። የግራ ክንዳቸውን ከትከሻ እስከ ክርን ለክቼ መሐሉን ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ እኛ ጤና ባለሙያዎች ሙዋክ የምንለውን ባለሦስት ቀለም ጥብጣብ፣ ሳላጠብቅም ሳላላላም፣ እጁ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ አዞርበታለሁ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ያመጣልና ችኮላ አያዋጣም፤ ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ የቆርቆሮው ጣሪያም ከአራት ሰዓት ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል። በጣም የከሱ፣ ነገር ግን ሌላ ሕመም የሌለባቸውና የመብላት ፍላጎት ያላቸው ልጆች ፕላምፒ ነት የሚባለውን፣ ከለውዝ የተሠራ ለሕክምና የሚሰጥ ለስላሳ ምግብ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ አንዱ ከረጢት 92 ግራም ይመዝናል፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ልጅን ሆስፒታል ሳያስተኙ የማከም አሠራር መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ድርቅ ጊዜ፣ የገዛ አገሬ የሐዲያ ዞን ነው። ጥብጣቡን በያዝኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

ወደ ጸሎቱ ልመለስ። ያደግሁት በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማሻሻል ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፣ አገልግሎቱ ለሁለንተናዊው ሰው መሆን እንዳለበት አስታውቃ ነበር። ይህን እየሰማሁ አድጌ፣ እርዳታን የሃይማኖት ማስፋፊያ ማድረግን የሚከለክል የሥነ ምግባር ደንብ ፈርሜ ወደዚህ ሥራ ገባሁ፤ ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 በጋራ ባወጡት መመሪያ ውስጥም ያለ ቃል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶኝ ተጨንቄአለሁ። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጡ እንግዶች በወረፋው ላይ መንፈሳዊ ጽሑፎችን ማደል እንደሚፈልጉ ነገሩን፤ አለቃችን አልፈቀደም፣ እኔም ማታ ክፍሌ ገብቼ ትክክል ማድረጉን ለራሴ ማስረዳት ያዝኩ። ፀሐይ ላይ የቆመች፣ የከሳ ልጅ ያቀፈች፣ ወረፋውን ጥላ መሄድ የማትችል ሴት ጽሑፉን እሺ ብላ ብትቀበል፣ እሺታዋ ከልቧ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ያ ደብዳቤ የተጻፈው ገንዘብ ለሚሰጡት እንጂ ለተራበው አይደለም፤ ሁለንተናዊነቱም የሚጠየቀው ከእኔ ነው፣ ከእርሷ አይደለም። ስለዚህ ጸሎቴን ከወረፋው በፊት እጨርሳለሁ፤ ስለ እምነቴ ራሳቸው የሚጠይቁኝ ካሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሳልሸሽግ እመልሳለሁ፤ በወረፋው ላይ ግን እጄ ይሠራል እንጂ አፌ አይሰብክም።

እጄ ግን ሁልጊዜ አላማረበትም። እ.ኤ.አ. በ2025 የለጋሾች ገንዘብ ሲቀንስ የምግብ ቀለቡ ከሙሉው መጠን ከሲሶ በታች ወረደ፣ በመጠለያው ውስጥም የተቃውሞ ሰልፍ ተነሣ። በዚያ ሰሞን ከደቡብ ሱዳን የመጣች አንዲት እናት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕላምፒ ነት ወስዳ የልጇ ክንድ ምንም አልጨመረም። ከረጢቶቹን ለታላላቆቹም እንዳካፈለች ስትነግረኝ፣ መድኃኒት መሆኑን ስንት ጊዜ እንዳስረዳኋት እየቆጠርኩ በወረፋው ፊት ገሠጽኳት። አስተርጓሚያችን፣ እርሷም ስደተኛ ናት፣ ቃሌን ቀነስ አድርጋ እንዳስተላለፈች ከድምፅዋ ገባኝ። እናትየዋ አልተቆጣችም፤ «ሲስተር፣ አንቺ ብትሆኚ ለየትኛዋ ልጅሽ ነው የለም የምትያት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለሳምንቱ የተመደበላትን ሰጥቼ፣ ቤቷን የሚጎበኝ የጤና አገልጋይ ጠርቼ፣ ለቤተሰቡ ተጨማሪ ቀለብ እንዲታይላት ማመልከቻ ሞላሁ። ይህን ከመገሠጼ በፊት ማድረግ ነበረብኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ ኢትዮጵያውያን ሱቅና ምግብ ቤት ወደከፈቱበት ካኩማ አንድ ወደሚባለው የመጠለያው ክፍል እወርዳለሁ። የዕጣኑ ሽታ ከመንገዱ ይቀበላል። አንዲት በስደት ሃያ ዓመት የኖሩ እናት ጀበናቸውን ጥደው «ልጄ፣ ቶናውን ሳትጠጪ ማን ይለቅሻል» ይሉኛል። ከሆሳዕና የምትደውልልኝ እናቴም መቼ እንደምመጣ ትጠይቃለች፤ ለፋሲካ እላታለሁ፣ ባለፈው ዓመትም ለፋሲካ ብያት ነበር። ይህን ኑሮ እንደ መሥዋዕትነት የሚያወሩ ሰዎች ሲገጥሙኝ እፈራለሁ፤ እኔ በፈለግሁ ቀን አገሬ እገባለሁ፣ ቡና የሚያጠጡኝ እናት ግን አይችሉም።

ያቺ እናት በቀጠሮዋ ማክሰኞ ተመለሰች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እጄን ያዘችና ወዲያው ልጁን አስቀደመች። 11.6 ነበር፤ ከቀዩ ወጥቷል፣ ገና ቢጫ ነው። ቁጥሩን ካርዱ ላይ ስጽፍ፣ ከአጠገቧ የቆመችው የሰባት ዓመት ያህል ልጇ እጅጌዋን ወደ ላይ ጠቅልላ የግራ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ዕድሜዋ ከመርሐ ግብራችን ውጭ ነው፣ ጥብጣቡም ለእርሷ አልተሠራም። ክንዷን ለካሁት፤ ቁጥሩንም ከወንድሟ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩላት።