ሰንስክሪን የማይሠራለት ፍጥረት

ፀሐይ ሲበረታብን እኛ መላ አናጣም። ጥላ እንፈልጋለን፣ ኮፍያ እናደርጋለን፣ የባሰ እንደሆነ ሰንስክሪን እንቀባለን። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ያለኝ ጥያቄ፣ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ የሚውለው ፋይቶፕላንክተን ምን ይዋጠው የሚል ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ አብዛኛው አንዲት ሴል ብቻ ነው። ምግቡን የሚሠራው ከብርሃን ስለሆነ ጥላ ውስጥ ከተደበቀ ይራባል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ ጨረሯ ዲኤንኤውን ያበላሽበታል። ምድር ላይ ካለው ፎቶሲንተሲስ (ከብርሃን ምግብ የመሥራት ሥራ) ግማሽ ያህሉን የሚሠሩት እነሱ ስለሆኑ ጣጣቸው የእነሱ ብቻ አይደለም።

ውሃው አይከልላቸውም ወይ? እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ። ወንዝ በሚገባበት ደፍረስ ባለ ዳርቻ በደንብ ይከልላቸዋል፤ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር እየታጠበ የሚመጣው ቡናማ ነገር ጨረሩን ላይ ላዩን ውጦ ያስቀረዋል። ጥርት ባለው ውቅያኖስ መሃል ግን ጨረሩ አሥር ሜትሮችን አልፎ ይወርዳል። መዋኘት የሚችሉት ዝቅ ሊሉ ይችላሉ፤ ግን ነፋስ ውሃውን ሲያተራምሰው ያቺ ዋና የትም አታደርስም።

ስለዚህ ብዙዎቹ የራሳቸውን ሰንስክሪን ይሠራሉ። ስሙ ትንሽ ምላስ ያስራል፤ ማይኮስፖሪን መሰል አሚኖ አሲዶች ይባላሉ። የሞገድ ርዝመቱ ከ310 እስከ 360 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ጨረር ይውጡና ጉልበቱን ሙቀት አድርገው ይለቁታል። ፎቶሲንተሲስ የሚፈልገው ብርሃን ከ400 ናኖሜትር በላይ ስለሆነ እሱን አይነኩትም። ማለትም ገዳዩን እያስቀሩ ምግቡን ያሳልፋሉ። የሰው ቆዳ ሜላኒን እንዲህ አይመርጥም፤ የሚታየውንም ብርሃን አብሮ ይውጣል።

እዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው። ችግሩ መጠን ላይ ነው። ብርጭቆ ሙሉ የብዕር ቀለም ወደ ብርሃን ብታነሱ ምንም አያሳያችሁም፤ ከዚያው ቀለም አንዷን ጠብታ መስታወት ላይ ብታሳሱት ግን ማዶውን ታያላችሁ። ሰንስክሪንም እንደዚሁ ውፍረት ይፈልጋል። በ1994 ፌራን ጋርሲያ ፒሼል የተባለ ተመራማሪ ይህን በሒሳብ ሠርቶ አሳይቷል፦ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ከ1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች የሆነ ሴል፣ ውስጡን በሰንስክሪን ቢያጭቀው እንኳ የረባ ጥላ አያገኝም።

ከፎቶሲንተሲስ ሠሪዎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው ፕሮክሎሮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 0.6 ማይክሮሜትር ያህል ቢሆን ነው። አለቀ በሉት፤ ለእሱ ሰንስክሪን ከንቱ ልፋት ነው። ታዲያ እንዴት ይኖራል? እየተጎዳ፣ እየጠገነ።

ጥገናውን ቀረብ ብለን እንየው፣ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። አልትራቫዮሌት ዲኤንኤ ላይ ሲያርፍ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፊደላትን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። የዲኤንኤውን ቅጂ የሚሠራው ኢንዛይም እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ማለፍ አይችልም። ያኔ ፎቶሊያዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ይመጣል። የተጣበቁትን ፊደላት ከመስመሩ ወደ ውጭ ገልበጥ ያደርግና ጠብቆ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ ብርሃን ይጠብቃል። ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኝ አንድ ኤሌክትሮን ይሰዳል፣ ማጣበቂያው ይላቀቃል፣ ኤሌክትሮኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያበላሸችውም ፀሐይ፣ ለጥገናው ጉልበት የምትሰጠውም ፀሐይ!

ሰዓት መምረጥም አለ። ፕሮክሎሮኮከስ የዲኤንኤውን ቅጂ የሚሠራው ወደ ማምሻው ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አልትራቫዮሌት ሲጨመርበት ደግሞ ሥራውን ሁለት ሰዓት ያህል ገፋ አድርጎ ወደ ጨለማው ይወስደዋል።

አንድ ነገር ግን ጨርሶ የለውም። ፀሐይ የባሕሩን ላይኛ ውሃ ስትመታ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ያው ቁስል የሚታጠብበት ነገር፣ ለሴል መርዝ ነው። ይህን የሚሰብረው ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ብዙ ፍጥረታት ውስጥ አለ፣ ፕሮክሎሮኮከስ ውስጥ ግን የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻውን ሲያሳድጉት ይህ መርዝ በቀላሉ ይገድለዋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች አብረውት ሲሆኑ ግን መርዙን እነሱ ያጸዱለታል። በውቅያኖሱም የሚኖረው እንደዚሁ፣ በጎረቤቶቹ ካታሌዝ ነው።