የእጅ ቡና መፍጫ ፍለጋ፦ ከምናለሽ ተራ እስከ ብሔራዊ ቴአትር

ቡና ያለ ሙቀጫ ቡና አይደለም የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ግን እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዘነዘና ካነሳሁ ከታች ያሉትን እትዬ ከእንቅልፋቸው መቀስቀሴ ነው። የኤሌክትሪክ መፍጫ አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ ግን አይሠራም። ሲሠራም ምላጩ ቡናውን ይቆራርጠዋል እንጂ እኩል አይፈጨውም። ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ሽርክት ሆኖ ይወጣል። ዱቄቱ ጀበና ውስጥ አልሰክን ብሎ ከቡናው ጋር ስኒ ውስጥ ይወርዳል፣ ሽርክቱ ደግሞ ጣዕሙን ሳይሰጥ አተላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በእጅ የሚዞር፣ ጥርስ ያለው መፍጫ መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት መርካቶ ነው። አዲስ የቤት ዕቃ የሚሸጡት ጋር በብዛት ያየሁት ከታች ትንሽ መሳቢያ ያለው የእንጨት ሳጥን ነው። ያምራል፣ ለስጦታም ይሆናል። ችግሩ እጀታው የተተከለበት ዘንግ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ሲነኩት ይወዛወዛል። ዘንጉ ከተወዛወዘ በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል፣ ያው ዱቄትና ሽርክት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ደህና መፍጫ ዘንጉ ከላይም ከታችም በኩሽኔታ የተያዘ ነው። ይህንን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፣ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት፣ እጃችሁ ይነግራችኋል።

ምናለሽ ተራም ገባሁ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ነገር ብዙው የሚያርፈው እዚያ ነው፣ አሮጌ መፍጫም አይጠፋም። በነገራችን ላይ አሮጌ መፍጫ ላይ «ፔጆ» የሚል ጽሑፍ ብታዩ ውሸት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ፔጆ መኪና ከመሥራቱ በፊት፣ ከ1840 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡና መፍጫ ይሠራ ነበር። የድሮ ብረት ጠንካራ ነው። ጥርሱ ካልተበላና ካልዛገ መግዛት ይቻላል።

ለፍለጋ ስወጣ የተቆላ ቡና በፌስታል አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ እይዝ ነበር። አንዱ ነጋዴ «እህቴ፣ ልትገዢ ነው ቡና ልታፈይ የመጣሽው?» ብሎ ሳቀ፣ ግን ፈቀደልኝ። ትንሽ ፈጭቼ ነጭ ወረቀት ላይ በጣቴ ዘረጋሁት። ጥቁር አቧራ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የተሰበሩ ትልልቅ ቁራጮች። አመስግኜ ወጣሁ። ከዚህ የሚበልጥ መፈተኛ የለም፣ ሳትፈጩ አትግዙ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ ዕቃዋን ስትሸጥ የብረት ጥርስ ያለው፣ በጉልበት መሃል ሳይሆን በእጅ ተይዞ የሚዞር ቀጭን መፍጫ ለጥፋ ነበር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ተገናኘን፣ እዚያው ካፌ ቁጭ ብለን ፈጨንበት። ዘንጉ ንቅንቅ አይልም፣ ወረቀቱ ላይ የወጣውም እኩል ነው። የሴራሚክ ጥርስ ያላቸውም አሉ። እነሱ አይዝጉም፣ ግን ጠጠር ሲገባባቸው ይሸረፋሉ፣ ለእኛ ቤት ቡና ደግሞ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱም ከገበያ በኪሎ የምንገዛው ጥሬ ቡና ጠጠር አያጣም። ሙቀጫ ለጠጠር ግድ የለውም፣ መፍጫ ግን ብረትም ቢሆን ጥርሱ ይጎዳል። አሁን ቡናውን የምለቅመው ሁለቴ ነው፤ አንዴ ሳይታጠብ፣ አንዴ ተቆልቶ ሲበርድ። ከተቆላ በኋላ ጠጠሩ ቶሎ ያስታውቃል፣ ፍሬው ሲያብጥና ሲጠቁር እሱ እንዳለ ነው። ስትፈጩም እጀታው ድንገት ቀጥ ካለ አታስገድዱት። ወደ ኋላ አዙራችሁ ፍሬውን ገልብጡና ፈልጉት። ትኩሱን ከምጣድ አውርዶ ወዲያው መፍጨትም ጥሩ አይደለም፣ ገና ለስላሳ ስለሆነ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። ሰፌድ ላይ በደንብ ይብረድ።

ልኩን ለማግኘት ማስተካከያውን ጥርስ ለጥርስ እስኪነካካ አጥብቁት፣ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረጋችሁ አላሉት። ለጀበና ከገበታ ጨው ትንሽ ላም ያለ ነው የተስማማኝ። ጀበናውን አውርጄ ዘንበል አድርጌ ሳስቀምጠው ቶሎ ይሰክናል፣ አቦሉ ጥርት ብሎ ይቀዳል፣ ቶናውም ውሃ ውሃ አይልም። ስኒው ሥር ጭቃ ካገኛችሁ አንድ ቀጭታ አላሉ፤ ቡናው ከቀጠነባችሁ አጥብቁ። በአንዴ የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ግራም ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ደጋግሞ መሙላት አለ፣ ክንድም ይደክማል፣ ያኔ ከመጡት አንዱ ተቀብሎ ያዞራል።

ለጽዳቱ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፣ የብረት ጥርስ ውሃ አይወድም። ኮረሪማና ቅርንፉድም አይፈጭበት፣ ሽታው ከገባ ቶሎ አይለቅም። ኮረሪማ ያለው ቡና የሚወድ ሰው ለብቻው ወቅጦ ጀበናው ላይ ይጨምር።