«ገባ» ወይስ «ገባች»፦ የልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ልምምዴ እስካሁን

ከአምስት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች የቀሩት አራቱ ለዓመታት ስለደበቁት ምስጢር የምጽፈው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ አጋማሹን አልፏል። ከዚህ በፊት የጀመርኳቸው ሁሉ ገና ሳይጠኑ መሳቢያ ውስጥ ስለቀሩ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ኩራት ብቻ ሳይሆን ብስጭትም ነው። ረቂቁን ያነበቡልኝ ወዳጆች ገዳዩን ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ለይተው አወቁ፤ ያወቁትም ትቼው ባለፍኩት ፍንጭ አይደለም። ጽሑፉ በጨለማ ወደ ክፍሉ የገባውን ሰው ወንድም ሴትም ሳያደርግ ለማለፍ መጨነቁን አስተውለው፣ «ወንድ ቢሆን ኖሮ ‹ገባ› ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ይህ ሁሉ ሽሽት ለሴቷ ካልሆነ ለማን ነው?» አሉኝ። ከአራቱ ተጠርጣሪዎች ሴቷ አንዲት ብቻ ስለነበረች ነገሩ በዚያው አበቃ።

ስለ አጀማመሩ ብዙ አልልም። ታሪኩ የሚነሣው በሐምሌ ዝናብ፣ ከምረቃ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው፤ አምስት ሆነው ሄደው አራት ሆነው ይመለሳሉ፤ ከዚያም ዐሥራ ሁለት ዓመት ስለ ጉዳዩ አይነጋገሩም። መጀመሪያ ቦታው ጣና እንዲሆን አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጣና በስፋቱ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ ስለተኛ፣ ስፋቱ ትንሽ ሆኖ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ አንድ ነገር ጥሎ መርሳት ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ባለታሪኮቹን ለማገናኘትም አልደከምኩም፤ ከየአቅጣጫው የመጡ፣ ተያይተው የማያውቁ ልጆች ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዝርዝር አንድ ሴክሽን ይመደባሉ፣ በግሩፕ አሳይመንት ይተሳሰራሉ። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ በስም ፊደል ተራ ስለሚወጣ፣ እውነቱን ልከተል ቢባል ሁሉም አቤል፣ አብርሃም፣ አበባና አበራ ሊባሉ ነው፤ ይህን ያህል እውነተኛነት ለአንባቢ ቅጣት ስለሚሆን በ«አ» የሚጀምሩትን ሁለት ብቻ አስቀረሁ።

ከመጻፍ በፊት መጠናት ያለበት አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ እሱም ይርጋ፣ ማለትም በአንድ ወንጀል ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ ነው። የድሮ ወንጀል የሚነሣባቸው ረቂቆች ይህን ችላ ሲሉ ባየሁ ቁጥር ይከነክነኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የክስ ይርጋን እንደ ቅጣቱ ክብደት ይከፋፍለዋል፦ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ወንጀል 25 ዓመት ሲሰጠው፣ በመሠረታዊ ድንጋጌው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት የሚያስቀጣው በቸልተኝነት ሰው መግደል ግን 5 ዓመት ብቻ ነው ያለው። በመጀመሪያው ንድፌ ሟቹ በቀልድ ተገፍቶ የሚወድቅ ስለነበር፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው አስፈራሪ በሕግ በኩል የሚይዘው ነገር አልነበረም። አሁን ሦስቱ ነገሩ አደጋ እንደነበር ያምናሉ፤ አንደኛው ሰው አደጋ እንዳልነበረ ያውቃል። ስለዚህ ሦስቱ ሕጉ የተወውን ነገር ሲደብቁ፣ ሳያውቁት ሕጉ ያልተወውን ሰው ይሸፍናሉ። ከጻፍኩት ሁሉ እጅግ የምወደው ክፍል ከዚህ የሕግ አንቀጽ የወጣ ነው።

ወደ ዋናው ችግር ልመለስ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ዶና ታርት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው «ዘ ሲክረት ሂስትሪ» ውስጥ፣ ቨርሞንት በሚገኝ ልብ ወለዳዊ ኮሌጅ የሚማሩ ጓደኛሞች ከመካከላቸው አንዱን እንደገደሉ ገና በመቅድሙ ትነግረናለች፤ ከዚያ በኋላ የምንከታተለው ለምን እንደገደሉ ነው። የሚደበቅ ሰው ስለሌለ ይህ መንገድ ለአማርኛ እጅግ ይመቻል፤ ገዳዩን እስከ መጨረሻው መደበቅ ለሚፈልግ ጸሐፊ ግን አማርኛ ወሬ አይቋጥርም። ግሡ ከነፆታው ይመጣል። ለሁለቱም ፆታ የሚሆን ስም መምረጥም መፍትሔ አይሆንም፤ ባለታሪኩን በረከት ብለን ብንሰይመው እንኳ «በረከት መጣ» ወይም «በረከት መጣች» ማለታችን አይቀርም።

የሚመከሩትን ማምለጫዎች አንድ በአንድ ሞክሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ድርጊቱን ለዕቃዎች መስጠት ነው፦ በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ቁልፉ ከመስቀያው ተነሣ። ለአንድ አንቀጽ ያህል ያምራል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን ቤቱ ጋኔን የሰፈረበት ይመስላል። ሁለተኛው በአክብሮት «ገቡ» ማለት ነው፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በአንድ ትሪ ሲበሉ የኖሩ ጓደኛሞች አንቱ አይባባሉምና አንባቢው ወዲያው ዐይኑን ያጠባል። ሦስተኛው በብዙ ቁጥር መናገር ነው፤ ይህ ግን እውነተኛ አማርኛ ነው። ሌባው አንድ መሆኑን እያወቅንም «ስልኬን ሰረቁኝ» እንላለን። የሆቴሉ ዘበኛ ለፖሊስ ሲናገር «ጀልባውን ፈትተው ወስደውት ነበር» ቢል ማንም አይጠረጥረውም፤ እኔም ሙሉውን ቃሉን በዚህ መንገድ ጻፍኩት፤ ፖሊሱ «ስንት ነበሩ?» ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ አንባቢው ብዙ ሰው እያሰበ ይሄዳል።

አራተኛው በወንድ አንቀጽ መጠቀም ሲሆን፣ ከወዳጆቼ ጋር የተከራከርነውም በዚህ ላይ ነው። በር ሲንኳኳ ውጭ የቆመውን ሳናውቅ «ማን ነው?» እንላለን፤ «አንድ ሰው መጥቶ ነበር» እንላለን። እኔ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ የማያውቅ ባለታሪክ በወንድ አንቀጽ ቢናገር ማንም ሰው የሚናገረውን ስለሚናገር አንባቢ አልተታለለም፤ ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ሴትን «ገባ» ብሎ ቢጽፍ ግን ያ ውሸት ነው፣ መጽሐፉም ተወርውሮ ቢወድቅ ይገባዋል። «ተራኪውም ዐውቆ ቢያሳስት ምን አለበት?» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም።

የቀረው አንደኛ መደብ ነው። «እኔ» ፆታ የለውም፤ «ገባሁ፣ ቁልፉን አነሣሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ» ብሎ መናዘዝ ይቻላል። ስለዚህ የገዳዩን ምዕራፎች ሁሉ ወደ «እኔ» መለስኳቸው፤ ተጠርጣሪዎቹንም ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት አደረግኳቸው። ይህ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ተናጋሪው ፆታውን ቢሸሽግም የሚያናግሩት ሰዎች አይሸሽጉለትም። «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይባል አንድ ሙሉ ቀን የሚውል ሰው የለም። በጓደኛሞቹ ስብሰባ ሁሉም «እናንተ» ስለሚባሉ ችግር የለም። ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ይላል፤ ይህችን ቃል ባገኘሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ ለጸሐፊ ካልሆነ ለማንም ማስረዳት አይቻልም። የታክሲ ረዳቱ «ሂሳብ!» ይላል። ጠበቃና ፖሊስ «እርስዎ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ አክብሮቱ ተፈጥሯዊ ነው።

ይኸው ችግር ደግሞ የመጽሐፉን ትልቁን ፍንጭ ሰጠኝ። በድሮው ንድፍ አስፈራሪው ለአራቱም አንድ ዓይነት መልእክት ይልካል፤ «የሠራችሁትን አልረሳሁም» የሚል። አሁን ናሆም የተባለው ባለታሪክ ስልኩን ሲከፍት የሚያነበው «የሠራሽውን አልረሳሁም» የሚል ነው። መጀመሪያ የአጻጻፍ ስሕተት መስሎት ያልፈዋል፤ ቆይቶ ግን መልእክቱ ለእሱ እንዳልተጻፈ፣ ላኪው የእሱን ቁጥር የአንዲት ሴት አድርጎ እንደያዘውና ያንን ቁጥር በተማሪነታቸው ዘመን ማን ይጠቀምበት እንደነበር ያስታውሳል። ይህ ትዕይንት ግሡ ፆታ በማይለይበት ቋንቋ እንዲህ ሆኖ ሊጻፍ መቻሉን እጠራጠራለሁ። (ተማሪዎች በላቲን ፊደል የሚለዋወጡት አማርኛም ለምርመራ ታሪክ ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ አጻጻፍ ስላለው ከጣት አሻራ አይተናነስም።)

ስለ ዘዴ ከጠየቃችሁኝ፣ «ማን ምን ያውቃል» የሚል ሰንጠረዥ ሳያዘጋጅ ማንም ሰው የምስጢር ልብ ወለድ መጀመር የለበትም እላለሁ፤ በአግድም ምዕራፎቹ፣ በቁልቁል ባለታሪኮቹ፣ በመካከሉም እያንዳንዱ እስከዚያ ድረስ ያወቀውና የዋሸው ይሰፍራል። እኔ ግን የምሞላው ብዙ ጊዜ ምዕራፉን ከጻፍኩ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ከሞላሁት ለመጻፍ ያለኝ ጉጉት ይጠፋል። ጽሑፍን ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ ለሁሉም የሚጠቅም ነው፤ ከፆታ የሚሸሽ ዐረፍተ ነገር ከዐይን ቢያመልጥ ከጆሮ አያመልጥም። ንድፍ አያስፈልግም የሚሉትን ወገኖች በሌላ ዘርፍ አከብራቸዋለሁ፤ በዚህኛው ግን የሚሠራ ምክር አይመስለኝም።

አሁን የቆምኩት ገዳዩ ከእናቱ ጋር በስልክ በሚያወራበት ምዕራፍ ላይ ነው («ገዳዩ» ማለቴ ምንም አይነግራችሁም)። እናት ልጇን በ«እርስዎ» አትጠራም፤ የስልኩን አንድ ወገን ብቻ መጻፍም ትዕይንቱን ያደርቀዋል። ያሰብኩት መውጫ በየቤታችን ያለ ነው፦ እናቶች ሲያቆላምጡ ወንዱን ልጅ «ነይ የኔ ቆንጆ»፣ ሴቷን ደግሞ «አንተ ጎበዝ» ይላሉ። እናትየው በዚህ መንገድ ብታናግር አንባቢው በገዛ ጆሮው ይሳሳታል፤ ውሸት ግን አልተነገረውም። እንዳያኮርፍ ደግሞ በሁለተኛው ምዕራፍ የሟቹ እናት ልጇን ስትሸኝ በሴት አንቀጽ ስታቆላምጠው አስገብቻለሁ። እንዲያ ሆኖም አንባቢን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥረው ካለ፣ ምዕራፉ ሳይደርቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።