የአሮጊት ፊት በጀርመን አገር

«እዚያ ድረስ ሄዳችሁ የአሮጊት ሥዕል ትሰቅላላችሁ?» በርሊን ያለ ዘመዱን በቪዲዮ ሲያወራ ግድግዳው ላይ የጀርመናዊቷን ሠዓሊ የኬተ ኮልቪትስን ፊት ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም። አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ እማማ ፎቶ ሲነሡ ነጠላቸው ይስተካከላል፣ ስቱዲዮው ደግሞ ሽብሽቡን ጠርጎ ሃያ ዓመት ይቀንስላቸዋል። ኮልቪትስ የገዛ ፊቷን ከመቶ ጊዜ በላይ ስትሠራ ለራሷ አላደላችም። ሰባን ካለፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በሠራችው የጎን ሊቶግራፊ (በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም ሥዕል) ያለችው የደከመች አሮጊት ናት። ጀርመኖች እሷን ግድግዳ ላይ ያከብራሉ፤ የወለደቻቸውን ግን በቀጠሮ ነው የሚጠይቁት። ይሁን።

ሐበሻን የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ኮልቪትስ ከ1891 እስከ 1943 ከኖረችበት ሰፈር አቅራቢያ፣ ማወርፓርክ በሚባለው መናፈሻ፣ እሑድ እሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። እንዲህ ካለ ገበያ በክፈፍ ያለ «ኮልቪትስ» ገዝቶ፣ ሀብት አገኘሁ ብሎ ጨረታ ቤት ይዞ ሄዶ፣ ሰው ፊት «ይህማ ከካላንደር የተቀደደ ነው» መባል አለ።

ክፈፉን አስከፍቱና 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዩት። ነጥቦቹ በረድፍ ከተደረደሩ የማሽን ኅትመት ነው። የእውነተኛ ሊቶግራፊ ነጠብጣብ ሥርዓት የለውም። የመዳብ ቅርጽ (በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተጭሮ የታተመ ሥዕል) ከሆነ የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖ ምልክት ይተዋል፤ ሊቶግራፊ ላይ ይህንን አትፈልጉ። «በሰባ ዓመቷ የሠራችው የመዳብ ቅርጽ» ካሏችሁ ጠርጥሩ፤ በ1920 የጀርመናዊውን ቀራጭ የኤርንስት ባርላክን የእንጨት ኅትመቶች ካየች በኋላ ወደ እንጨት አዘንብላለች፣ የእርጅና ፊቶቿም በአብዛኛው ሊቶግራፊ ናቸው። ፊርማው ከሥዕሉ ጋር በአንድ ቀለም ከታተመ ፊርማ አትበሉት፤ በእጇ የምትፈርመው በእርሳስ ነው፣ እርሳስ ደግሞ ብርሃን ላይ ያብለጨልጫል። ከሞተች በኋላ ከዋናው ሰሌዳ የታተሙም አሉ። ሐሰት አይደሉም፣ ግን በእጇ ከፈረመችባቸው ጋር በአንድ ዋጋ አይከፈልባቸውም።

መዳቡን ማወቅ የፈለገ የ1910ን፣ እጇን ግንባሯ ላይ ያደረገችበትን ይይ። በዚህ ሙያ መዳቡ ሰም ይቀባል፣ በመርፌ ይጫራል፣ አሲድ ውስጥ ይገባል። የጉንጭ ስስ መስመሮች ቶሎ ወጥተው በቫርኒሽ ይሸፈናሉ፤ ጥቁር የሚፈለገው የዓይን ጉድጓድ ተመልሶ ይነከራል። ተማሪ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ የተጠጋጉ መስመሮች ብዙ ከቆዩ በመካከላቸው ያለው ሰም ይነሣና አንድ ሰፊ ጉድጓድ ይሆናሉ። ሰፊ ጉድጓድ ደግሞ ቀለም አይዝም፤ ጨርቁ ጠርጎ ያወጣዋል፣ ጥላውም ጠቁሮ በመውጣት ፈንታ ግራጫ ይሆናል። ወረቀቱም ይረጥባል እንጂ ውሃ አያቁርም፤ ካቆረ ቀለም አይቀበልም። መስታወት የገለበጠውን ፊት ሰሌዳው ሲታተም መልሶ ስለሚገለብጠው፣ በኅትመቱ ላይ የምናያት ጎረቤቶቿ እንዳዩዋት ነው።

ሥዕል ልማር ብላችሁ ጀርመን ለመምጣት የምታስቡ፣ ኤጀንት ከመፈለጋችሁ በፊት ማፐ የሚሉትን የሥራ ስብስብ አዘጋጁ። የሚፈለገው ብዛትና መጠን እንደየአካዳሚው ስለሚለያይ ከራሳቸው አጣሩ። ከፎቶ የተገለበጠ ታዋቂ ሰው አትሙሉበት። የእናታችሁን ፊት፣ ስቱዲዮ ሳይነካው፣ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። ኅትመቱንም እንዳይሰበር በጠፍጣፋ ካርቶን መካከል አድርጋችሁ ያዙ እንጂ አጣጥፋችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።