ኩሬ ልሰራ ብዬ ጭቃ ስጠርግ የከረምኩበት ክረምት

የምኖረው ሐረር ነው፣ የዝናብ ውሃ የማጠራቅምበትን ኩሬ ያስቆፈርኩት ግን ከሐሮማያ በላይ ተራራው ላይ፣ የአማቼ ጫት ማሳ ጥግ። የሐሮማያ ሐይቅ 1997 አካባቢ ሲደርቅ ሐረር ራሷ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ከሀሰሊሶ ነው ያስመጣችው፣ ተራራ ላይ ላለ ገበሬ ማን ቧንቧ ይዘረጋል?

ቁፋሮው ቀላል ነበር። አፉ 8 በ8፣ ታቹ 4 በ4፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ 112 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ጂኦሜምብሬን፣ ያ ውሃ እንዳይሰርግ ከታች የሚነጠፈው ላስቲክ፣ 14 በ14 ገዛን፣ ጠርዙን ቀበርን፣ አለቀ።

ጉዱ የመጣው በደለል ነው፣ ጎርፍ ይዞት በሚመጣው አፈር። ከቢሮ የላኩልን ባለሙያ «ጎርፉን ከመንገዱ አስገባው፣ ብዙ ውሃ ታገኛለህ» አለኝ። ደለሉ ኩሬው ሳይደርስ የሚቀርበት ጉድጓድስ ስለው «እሱ በኋላ ይደርሳል»። አማቼ ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ሳር ባለበት በኩል አስገባው፣ ሐሮማያን ፓምፕ ብቻ መሰለህ ያደረቃት? ከዚህ ተራራ የወረደው አፈርም ሞልቷታል እኮ» ይሉኛል። እኔ ግን ፎርም የያዘውን አመንኩ አቦ።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዘነበና ኩሬው ሞልቶ አደረ፣ ቀለሙ ሻይ በወተት፣ ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ ለጠፍኩ። በሳምንቱ እንጨት ብከት ከጉልበት በላይ ጭቃ! እና እዚህ ጋ ነው ጅልነቴ፣ ልጆቹን በአካፋ አውጡት አልኳቸው። አካፋው ላስቲኩን መዳፍ የሚያህል ቀደደው፣ ማንም ልብ አላለም፣ ሲነጋ ውሃው ግማሽ የለም። የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩበት፣ ሁለት ቀን አልቆየም ተነሳ፣ ለካ ይሄ ላስቲክ ማስቲሽ አይዝም፣ በሙቀት ነው የሚበየደው። የሚበይድ ሰው ስጡኝ ብዬ ቢሮ ስሄድ «ደብዳቤ አምጣ»፣ ደብዳቤ ሳመጣ «ሰውየው ፊልድ ነው»። የመጣው መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ካለቀ በኋላ!

ስለዚህ ባለሙያው ምንም ይበላችሁ በውሃ ብዛት አትታለሉ፣ የመንገድና የእርሻ ጎርፍ አታስገቡ። ከመግቢያው በፊት ደለል የሚያስቀሩ ሁለት ጉድጓድ አከታትላችሁ ቆፍሩ፣ በዘነበ ማግስት ጥረጉት። ጭቃ ከገባም ጫማ አውልቃችሁ በፕላስቲክ ባልዲ ብቻ። አጥሩን ደግሞ ከቁፋሮው ቀን ጀምሩ፣ የሰፈር ልጅ ዳሩ ላይ ሲሮጥ አይቼ ልቤ ቀጥ ብላለች።

ዘንድሮ በሳሩ በኩል አስገባሁት፣ ለመሙላት አንድ ወር ፈጀበት፣ ግን ውሃው እስከ ጥር ቆየ። አማቼ አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም፣ አካፋዋን ግን አጥሩ በር ላይ በሽቦ አስረው ሰቅለዋታል።